ሐሳቤን የሚያየው ማን ነው? ነፃነቱስ የታለ?

ብቸኛ ተጓዥ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ትዕግሥት ያለው ያንብበው።

ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ በዝምታ መቀመጥ ለምጃለሁ። ትንፋሼን እከተላለሁ፣ ሐሳብ ሲመጣ አየዋለሁ፣ ሲሄድ እለቀዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ትልቅ እፎይታ ነበር። «ይሄ ጭንቀት እኔ አይደለሁም፤ እኔ ጭንቀቱን የማየው ነኝ» ማለት ብቻውን ሸክም ያቀላል። አሁን ግን ሁለት ነገር አላስቀምጥ ብሎኛል።

አንደኛው፦ ሐሳቤን የማየው እኔ ከሆንኩ፣ ያንን ተመልካች ማን ነው የሚያየው? ዞር ብዬ ልይዘው ስሞክር እጄ ላይ የሚቀረው ሌላ ሐሳብ ነው። «እኔ ተመልካች ነኝ» የሚል ሐሳብ።

ሁለተኛው ይብሳል። ከተቀመጥኩበት ስነሳ ሰላም ነኝ። ከዚያ አንድ ሰው በሰው ፊት ዝቅ አድርጎ ያናግረኛል፣ ያ ሁሉ ሰላም ብን ይላል። ቀኑን ሙሉ በልቤ መልስ ስሰጠው እውላለሁ። እንዲህ ብዬው ቢሆን፣ እንዲያ ብዬው ቢሆን። ያ ተመልካች ያን ጊዜ የት ነው የሚሄደው?

«እኔ ማን ነኝ» የሚለው ሳይፈታ ሰው በውስጡ ነፃ ሊሆን ይችላል? ወይስ መጀመሪያ እሱ መፈታት አለበት? ከኖራችሁት ብትነግሩኝ ይሻላል። መጽሐፍ ብትጠቅሱም ግን አልቆጣም።

የሌሊት ወፍ፦
ዞረህ ያጣኸው ስለሌለ ነው። ሌላ ምስጢር የለውም።

ፈላስፋው ዴቪድ ሂዩም እ.ኤ.አ. በ1739 ባሳተመው ሥራው ልክ አንተ ያደረግከውን አድርጓል። ወደ ውስጡ ገብቶ «እኔ»ን ፈለገ። ያገኘው ሙቀትና ብርድ፣ ፍቅርና ጥላቻ፣ ሕመምና ደስታ ነው። እነዚህን ሁሉ የያዘ ባለቤት ግን አላገኘም።

ቡድሂስቶቹ ከሱ በጣም ቀድመው እዚያው ደርሰዋል። መነኩሴው ናጋሴና ንጉሥ ሚሊንዳን በምን እንደመጣ ይጠይቀዋል። በሠረገላ ይላል ንጉሡ። ሠረገላው መንኮራኩሩ ነው? አይደለም። ዘንጉ ነው? አይደለም። ክፍሎቹ አንድ ላይ ሲከመሩ ነው? እሱም አይደለም። ሠረገላ ማለት ክፍሎቹ በሆነ መንገድ ሲገጣጠሙ የምንጠራቸው ስም ነው። ሰውም እንዲሁ።

ስለዚህ የተዋረደ ሰው የለም። ድምፅ ነበር፣ የደረት መጥበብ ነበር፣ ሐሳብ ነበር። ይህን በእውነት ካየኸው ሁለተኛው ጥያቄህ በራሱ ይፈርሳል።

ተራ ሰው፦
«የተዋረደ ሰው የለም» ማለት ቀላል ነው። የተዋረደው ሌላ ሰው ሲሆን።

አቡ ኑር፦
ወንድሜ የሌሊት ወፍ፣ ቸኮልክ። ሂዩም ፈላጊውን ረስቶታል። ሙቀቱን ያገኘው፣ ብርዱን ያገኘው፣ በመጨረሻም «ባለቤት የለም» ብሎ የደመደመው ማን ሆነና?

ሐኪሙና ፈላስፋው ኢብን ሲና (ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1037 ነው) ለዚህ አንድ ግሩም የሐሳብ ሙከራ አለው። አንድ ሰው ድንገት፣ ሙሉ ሆኖ ተፈጠረ እንበል። አየር ላይ ተንሳፏል። ዓይኑ ተሸፍኗል። እጅና እግሩ ተራርቀዋል፣ እርስ በርስ እንኳ አይነካኩም። አካል እንዳለው የሚነግረው አንድም ነገር የለም። ይህ ሰው መኖሩን ያውቃል? ኢብን ሲና «አዎ» ይላል። እጅ እንዳለው አያውቅም፣ እሱ እንዳለ ግን ያውቃል። ፈላስፋው ዴካርት «አስባለሁ፤ ስለዚህ አለሁ» ከማለቱ ስድስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት መሆኑ ነው።

ብቸኛ ተጓዥ፣ አንተ የተቸገርከው ራስህን ከፊትህ አስቀምጠህ ልታየው ስለፈለግክ ነው። ከፊትህ የሚቀመጥ ነገር ሁሉ ደግሞ አንተ አይደለህም። መኖርህን ግን ፈልገህ አላገኘኸውም። ከመፈለግህ በፊት ታውቀዋለህ።

የሌሊት ወፍ፦
ተንሳፋፊው ሰው ያረጋግጠው ቢባል እንኳ የሚያረጋግጠው የሆነ ንቃት መኖሩን ነው። ከንቃት ተነስቶ ወደ ነፍስ መዝለል ሌላ እርምጃ ነው። እሱን እርምጃ አላሳየኸንም። ክርክሩ ግን ተመችቶኛል።

ነርቭ ነክ፦
እኔ የማውቀው የአንጎልን ጉዳይ ነው፤ በፍልስፍናው አልፎክርም። ግን ሁለታችሁንም የሚያስቸግር ነገር ልጨምር።

ከባድ የሚጥል በሽታን ለማከም ሲባል የአንጎላቸው ግራና ቀኝ የሚገናኝበት ድልድይ የተቆረጠ ሰዎች ነበሩ። ሮጀር ስፔሪ በዚህ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1981 ኖቤል ተሸልሟል። ተማሪው ማይክል ጋዛኒጋ ሥራውን ቀጠለበት። ለአንድ እንዲህ ዓይነት ሰው ለግራ አንጎሉ የዶሮ እግር፣ ለቀኝ አንጎሉ በረዶ የሸፈነው ሥፍራ አሳዩት። ከዚያ ከተደረደሩ ሥዕሎች የሚስማማውን ምረጥ አሉት። ቀኝ እጁ ዶሮ መረጠ፣ ግራ እጁ አካፋ። አካፋው ለበረዶው መሆኑ ነው። ለምን አካፋ መረጥክ ሲባል መልስ የሚሰጠው ግራ አንጎል ነው፤ እሱ ደግሞ በረዶውን አላየም። «አላውቅም» ቢል ያምርበት ነበር። የዶሮ ቤት ለመጥረግ አካፋ ያስፈልጋል ብሎ አረፈው። ሳያመነታ!

ሰውየው አልዋሸም፤ አምኖ ነው የተናገረው። ውስጣችን ለሆነው ሁሉ ምክንያት የሚፈበርክ ተራኪ አለ ማለት ነው። ብቸኛ ተጓዥ ቀኑን ሙሉ መልስ ሲሰጥ የሚውለውም ይሄ ተራኪ ይመስለኛል። ሰዎች «ራሴ» ብለው የሚከላከሉለት ነገር አብዛኛው የሱ ድርሰት ነው። አብዛኛው አልኩ፤ ሁሉም ነው ለማለት አልደፍርም።

ተራ ሰው፦
እንዴ፣ ታዲያ ነፃ ፈቃድም የለንም በለና አሳርፈን።

ነርቭ ነክ፦
ይመጣል ብዬ ጠብቄው ነበር። ቤንጃሚን ሊቤት እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው ሙከራ ነው ሁሌ የሚጠቀሰው። ሰዎች በፈለጉት ሰዓት እጃቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ተነገራቸው። የአንጎላቸው ዝግጅት ከእንቅስቃሴው ግማሽ ሰከንድ ገደማ ቀድሞ ይጀምራል። «ላንቀሳቅስ ነው» የሚለው ስሜት የመጣላቸው ግን ሊንቀሳቀሱ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ሲቀራቸው ነው። ብዙ ሰው ከዚህ ተነስቶ «ነፃነት ቅዠት ነው» አለ። ሊቤት ራሱ ግን አላለም። ግፊቱ ከመጣ በኋላ እምቢ ለማለት ጊዜ አለ ብሎ ያምን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች ያ ቀድሞ የሚታየው ምልክት ውሳኔ ላይሆን ይችላል፣ የአንጎል ተራ መዋዠቅ ሲጠራቀም ሊሆን ይችላል አሉ። ነገሩ ገና አልተዘጋም። ደግሞም ጣት ማንቀሳቀስ ሌላ፣ ለሰደበህ ሰው ምን እንደምትመልስ ማሰብ ሌላ።

ልበ ሙሉ፦
የአእምሮ ሐኪሙ ቪክቶር ፍራንክል ያለው ትዝ አለኝ። በሚነካንና በምንመልሰው መካከል ክፍተት አለ፣ ነፃነታችን እዚያ ነው የሚለው። ለኔ ሁሉም ነገር እዚያ ያልቃል።

የሌሊት ወፍ፦
ልበ ሙሉ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን የፍራንክል መጽሐፎች ውስጥ አይገኝም። ያሰራጨው ደራሲው ስቲቨን ኮቪ ነው፤ እሱም የሆነ መጽሐፍ ውስጥ እንዳነበበው እንጂ የማን እንደሆነ አያስታውስም ነበር። ፍራንክል ከናዚ ማጎሪያ ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1946 የጻፈው ይበልጥ ከባድ ነው። ሁሉ ሲወሰድብህ የማይወሰድብህ አንድ ነገር አለ፣ ለሚደርስብህ ነገር የምትይዘውን አቋም መምረጥ ነው ይላል።

ልበ ሙሉ፦
እሺ፣ እናመሰግናለን መምህር። ክፍተቱ ግን የማንም ይሁን የማን፣ እኔ ኖሬበታለሁ። ብዙ ጊዜ በጣም ጠባብ ነው፤ ስድቡ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የማየው። አንዳንዴ ግን ሊወጣ ሲል አየዋለሁ። ያን ጊዜ «እኔ ማን ነኝ» የሚለው ጥያቄ ትዝም አይለኝ።

ዲያቆኑ፦
ብቸኛ ተጓዥ፣ የጻፍከውን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለተኛው ጥያቄህ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ሰው ሁሉ ወደ መጀመሪያው ለምን እንደሮጠ አይገባኝም። ምናልባት ስለማያሳምም ይሆናል።

በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው ኤቫግሪዎስ ክፉ ሐሳቦችን ስምንት አድርጎ ይዘረዝራል። ሆዳምነት፣ ዝሙት፣ ፍቅረ ንዋይ፣ ኀዘን፣ ቁጣ፣ መሰላቸት፣ ከንቱ ውዳሴ፣ ትዕቢት። (ከሞተ በኋላ አንዳንድ ትምህርቶቹ ተወግዘዋል፤ ስለ ልብ ውጊያ የጻፈው ግን በገዳማት ሲነበብ ኖሯል።) ስለ ከንቱ ውዳሴ የሚለው ለዚህ ክር የተጻፈ ነው የሚመስለው። ከሱ ለማምለጥ የምታደርገው ነገር ራሱ አዲስ ከንቱ ውዳሴ ይወልዳል ይላል። «እኔ ተራ ሰው አይደለሁም፣ እኔ ተመልካቹ ነኝ» ስትል ምን እንደተወለደ እይ። ያ ሰው ሲያዋርድህ የተመታው ከልጅነት ጀምሮ የነበረው እኔነትህ ብቻ አይደለም። አዲሱ፣ መንፈሳዊው፣ ሰላማዊው እኔነትህም ተመትቷል። ሁለት ሆነው ነው የሚጮኹት።

ሌላም አለው። በበደለህ ወንድም ላይ የምትሸርበው በቀል በጸሎት ሰዓት መሰናክል ሆኖ ይመጣብሃል ይላል። አንተ ቀኑን ሙሉ በልብህ ስትሰጠው የምትውለው መልስ በቀል ነው። ረጋ ያለ በቀል ነው፣ ግን በቀል ነው።

መድኃኒቱን ከጠየቅከኝ፣ እኔ ለዚያ ሰው በስሙ ጠርቼ እጸልያለሁ። አልወደውም፤ ስለማልወደው ነው የምጸልየው። መጀመሪያ ቃሉ አፍ ላይ ይደርቃል። ይሁን።

ብቸኛ ተጓዥ፦
ዲያቆኑ፣ «ሁለት ሆነው ነው የሚጮኹት» ያልከው አስቀመጠኝ። እውነቱን ለመናገር ከስድቡ ይልቅ ያናደደኝ «ይሄን ሁሉ ጊዜ ተቀምጬ እንዴት እናደዳለሁ» የሚለው ነበር።

አቡ ኑር፦
ዲያቆኑ የነካው ነገር በእኛም ዘንድ የታወቀ ነው። ኢማም አል-ገዛሊ በባግዳድ ትልቁ መድረሳ ላይ ያስተምር ነበር። ዝናው ጫፍ ደርሶ ነበር። ከዚያ ራሱን ሲመረምር የማስተማሩ ዋና ግፊት ለአላህ ሳይሆን ክብርና ስም መፈለግ ሆኖ አገኘው። ልተወው ይላል፣ አይችልም። አንድ እግሩን ያስቀድማል፣ ሌላውን ያስቀራል። ስድስት ወር ገደማ እንዲህ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1095 ምላሱ ተያዘ። ማስተማር አቃተው። ምግብ እንኳ አልወርድ አለው። ሐኪሞቹ ነገሩ የልብ ነው፣ እኛ ምንም ማድረግ አንችልም አሉ። ሁሉን ትቶ ወጣ፤ ደማስቆ፣ ኢየሩሳሌም፣ ሐጅ።

ይህን ያህል የተማረ ሰው ስለ ነፍስ ምንነት ጠፍቶት አይደለም። ጽፎበታል፣ ተከራክሮበታል። ማወቁ ነፃ አላወጣውም። ለጥያቄህ የኔ መልስ ይሄ ነው፦ አይ፣ መጀመሪያ መፈታት የለበትም። ነፍሲያ (ክብርና ስም የምትሻው እኔነት) የምትያዘው በትርጓሜ ሳይሆን በሥራ ነው።

ደግሞ ገዛሊ በኋላ ወደ ማስተማር ተመልሷል። ይሄን ሰዎች ይረሱታል። ዋሻ ውስጥ አልቀረም።

ጭጋግ፦
እኔ ብዙ ጊዜ አንባቢ ነኝ፣ አልጽፍም። ግን ሁላችሁም «እኔ የለም» የሚለውን እንደ ድል ስታወሩት ግራ ገባኝ። እኔ ሳልፈልገው ነው የመጣብኝ። ከከባድ ጭንቀት ጊዜ በኋላ ነው። እጄን አያለሁ፣ የኔ አይመስለኝም። ስናገር ድምፄን ከሩቅ እንደምሰማው ነው። ሰዎች መስታወት ጀርባ ያሉ ይመስሉኛል። እውነት እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ግን አይለቀኝም። ነፃነት ይሄ ከሆነ እኔ አልፈልገውም።

ነርቭ ነክ፦
ጭጋግ፣ ስለጻፍሽ (ወይም ስለጻፍክ) ደስ ብሎኛል። ሌላው ክርክር ይቆየንና በዚህ ላይ ልቆይ።

የገለጽሽው ነገር በሕክምና የታወቀ ነው። ከራስ የመነጠል ስሜት ነው። ከኃይለኛ ጭንቀት፣ ከድንጋጤ፣ ከእንቅልፍ ማጣት፣ አንዳንዴም ካናቢስ ከመጠቀም ጋር ይመጣል። ለአጭር ጊዜ ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል። ሳይለቅ ሲቆይ ግን ሐኪም ማየት አለበት። «እውነት እንዳልሆነ አውቃለሁ» ማለትሽ ትልቅ ነገር ነው፤ አእምሮሽን እየሳትሽ አይደለም። የአእምሮ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ሂጂና ልክ እዚህ የጻፍሽውን ንገሪያቸው።

አንድ ነገር ልለምንሽ። እስከዚያ ዓይን ጨፍኖ ሐሳብን መመልከት ውስጥ አትግቢ። ለሌላው የሚጠቅመው ላንቺ መነጠሉን ሊያብሰው ይችላል። የምትነኪውን፣ የምታሸቺውን፣ የምትሰሚውን ነገር ተከተይ። ከሰው ጋር ሁኚ።

ለሌሎቻችሁ ደግሞ፦ በዝምታ ውስጥ የሚመጣው መላላትና ይሄ አንድ አይደሉም። በመጀመሪያው ሰው ወደ ዓለም ይቀርባል፣ በሁለተኛው ይርቃል። «እኔነት ጠፋልኝ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ከማጨብጨባችሁ በፊት ይሄን ጠይቁት።

የሌሊት ወፍ፦
ጭጋግ፣ እኔ የጻፍኩት አንቺ ላለሽበት ሁኔታ አይደለም። ነርቭ ነክ ያለውን ስሚ።

እናት ነኝ፦
ልጆቼ፣ ያላችሁትን ሁሉ አነበብኩ፤ ግማሹ አልገባኝም። የገባኝን ያህል ልናገር።

ባለቤቴ የመርሳት በሽታ ይዞታል። መጀመሪያ ስም ጠፋበት፣ ቀጥሎ መንገድ። አሁን እኔንም አያውቀኝም። አንድ ቀን ምግብ ሳቀርብለት ትክ ብሎ አየኝና «አንቺ ደግ ሴት ነሽ፤ ባልሽ የት ነው?» አለኝ። እዚያው ብሞት በወደድኩ።

ለብዙ ጊዜ አርመው ነበር። «ሚስትህ ነኝ እኮ! ልጆቻችን እነ እገሌ!» ይደነግጣል፣ ይቆጣል፣ ያለቅሳል። እንዲያውቀኝ የምፈልገው ለሱ ብዬ ይመስለኝ ነበር። ለኔ ነበር። እሱ ካላወቀኝ እኔ ማን ነኝ? እናንተ ከመጽሐፍ የምትጠይቁትን እኔ ከማብሰያ ክፍል ጠይቄዋለሁ።

አሁን አላርመውም። «ባሌ ጥሩ ሰው ነው፣ ይመጣል» እለዋለሁ። ይረጋጋል። እኔም እረጋጋለሁ። ነፃ ወጣሁ አልልም፤ በር ዘግቼ የማለቅስበት ቀን አለ።

እሱስ የታለ ለምትሉ ደግሞ፣ አለ። ዛሬም ሰው ሲገባ ከመቀመጫው ይነሳል። ማን እንደገባ አያውቅም፣ ግን ይነሳል። ሁሌም እንደዚያ ነበር።

ነርቭ ነክ፦
እናቴ፣ እግዚአብሔር ያበርታዎት። የጻፉት ነገር ሄንሪ ሞላይሰንን አስታወሰኝ። እ.ኤ.አ. በ1953 በአንጎል ቀዶ ሕክምና ምክንያት አዲስ ትዝታ መያዝ ያቃተው ሰው ነው። እስከ ሞተበት እ.ኤ.አ. 2008 ድረስ ተጠንቷል። በመስታወት እያየ ሥዕል መከተል ሲያስተምሩት ከቀን ወደ ቀን ይሻሻል ነበር፤ ትናንት መሥራቱን ግን አያውቅም። ከሱ ጋር የሠሩ ሰዎች ትሕትናውንና ቀልዱን ያነሳሉ። ሰው ማለት ትዝታው ነው የሚሉ ፈላስፎች አሉ። የእርስዎ ባለቤት ሲነሱ ባዩ ጥሩ ነበር።

አቡ ኑር፦
እናታችን፣ አላህ ትዕግሥትዎን ያብዛልዎ። እርስዎ የሠሩትን እኛ ገና እያወራነው ነው።

ተራ ሰው፦
እማማ የጻፉት ልቤን ነክቶታል፤ አክብሮቴ ይድረሳቸው። ግን ከዚህ ክር አንድ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። ሁሉም ምክር ወደ ውስጥ ነው። መልስህን ያዝ፣ ጸልይለት፣ ክፍተቱን ፈልግ። ያዋረደው ሰውዬስ? አለቃ ቢሆንስ? ነገ ሌላውን ቢያዋርድስ? «የውስጥ ነፃነት» ጉልበተኛው የሚወደው ትምህርት ነው። ጉልበተኞች ስቶይኮቹን፣ የውስጥ ነፃነትን የሚያስተምሩትን የጥንት ፈላስፎች፣ ይወዱልኛል። ኤፒክቴተስ ባሪያ ሆኖ «በእጅህ ያለው ፈቃድህ ብቻ ነው» ሲል ጌታው ምን ያህል ተመችቶት ይሆን!

የሌሊት ወፍ፦
ኤፒክቴተስ የሚያስተምረው ነፃ ከወጣ በኋላ ነው፤ ነጥብህን ግን አልክድም።

ልበ ሙሉ፦
ተራ ሰው፣ እኔ በንዴት ብው ብዬ የተናገርኩት አንድም ቀን ጉልበተኛ አስቁሞ አያውቅም። «እሷ ደግሞ ትጮሃለች» ተብሎ ታልፏል። ረጋ ብዬ፣ ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ «እንደዚህ አታናግረኝ» ያልኩበት ቀን ነው የሰራው። ወደ ውስጥ ማየት ዝም ለማለት ብቻ አይደለም።

ተራ ሰው፦
ይሄ ይሻላል። ግን ንዴቱስ ያን ቀን ባይኖር ትናገሪ ነበር? አይመስለኝም። ንዴትን ሁሉ እንደ በሽታ የምታዩት ነገር ነው የማይመቸኝ።

ዲያቆኑ፦
ኤቫግሪዎስም ንዴትን ሙሉ በሙሉ አይጥለውም። ክፉውን ሐሳብ ለመዋጋት የተሰጠ ነው ይላል፤ የሚበላሸው ወደ ሰው ሲዞር ነው። ሐሳቡን ትጠላለህ፣ ሰውዬውን...

ተራ ሰው፦
ሐሳቡ ደመወዝ አይቆርጥብኝም ዲያቆኑ፣ ሰውዬው ነው የሚቆርጠው።

አስተባባሪ፦
የንዴትና የፍትሕ ክርክር ለብቻው ክር ይገባዋል። «ንዴት መቼ ነው የሚጠቅመው?» በሚል ርዕስ ከፍቼዋለሁ፣ እዚያ ቀጥሉ። እዚህ የብቸኛ ተጓዥ ጥያቄ ላይ እንቆይ።

ብቸኛ ተጓዥ፦
መልሴ ሙሉ አይደለም፤ መቀመጤን አልተውም። «ተመልካቹን» መፈለግ ግን ለጊዜው ትቻለሁ። ዲያቆኑ ያለውን ሞከርኩ፣ ቃሉ በእርግጥም ይደርቃል። ልበ ሙሉ ያለችውንም እሞክራለሁ፤ ሰውየውን ለብቻው አግኝቼ አነጋግረዋለሁ። አቡ ኑርና የሌሊት ወፍ፣ እናንተ ቀጥሉ፤ ባለቤቱን ካገኛችሁት ጥሩኝ።

ጭጋግ፦
ለነርቭ ነክ፦ ለሐሙስ ቀጠሮ ይዣለሁ። የጻፍኩትን በወረቀት ገልብጬ ልወስድላቸው ነው፣ ሲጠይቁኝ እንዳይጠፋብኝ። አብራኝ የምትሄድ እህቴ ናት።